ሴንሰርና አክቹዌተር ድልድይ ላይ የት ይቀመጥ? ከስሌቱ እስከ ማጣበቂያው

ሦስት አክስለሮሜትር (ንዝረትን የሚለካ ሴንሰር) ይዞ 30 ሜትር የሚረዝም የእግረኛ ድልድይ ላይ የወጣ ሰው የመጀመሪያውን መሃል ላይ ያስቀምጣል። ድልድዩ አብዝቶ የሚወዛወዘው እዚያ ስለሆነ ትክክል ይመስላል። የቀሩትን ሁለቱን ደግሞ ሲሶ ሲሶው ላይ፣ ማለትም 10 ሜትርና 20 ሜትር ላይ ያደርጋቸዋል። መረጃው ተሰብስቦ ሲተነተን የመሃሉ ሴንሰር ሁለተኛውን ሞድ (ድልድዩ የሚወዛወዝበትን ሁለተኛ ቅርጽ) ጨርሶ አላየውም። 10 እና 20 ሜትር ላይ ያሉት ደግሞ ሦስተኛውን አላዩትም። መሣሪያው አልተበላሸም፤ ቦታው ነው የተሳሳተው።

ለዚህ ሥራ የሚጠቅመው ጥያቄ «የት ቦታ አብዝቶ ይንቀሳቀሳል?» ሳይሆን «ከእነዚህ ቦታዎች ሆኜ ሳይ ሞዶቹ አንዱ ከሌላው ይለያሉ ወይ?» የሚለው ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ተመሳሳይ ቢመስሉም መልሳቸው ብዙ ጊዜ የተለያየ ነው። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ በሁለት ጫፉ በቤሪንግ ላይ የተቀመጠ ባለ አንድ ስፓን የብረት የእግረኛ ድልድይን ይዞ ይሄዳል፤ አክቹዌተር (ንዝረቱን ለመቀስቀስ ወይም ለማረጋጋት የሚገጠም መሣሪያ) ላይ ሲደርስ ትንሽ የአሉሚኒየም ካንቲሊቨርም (በአንድ ጫፉ ብቻ የተያዘ ቢም) ይጨምራል። ቁጥሮቹን በካልኩሌተር መከተል ይቻላል፤ ተከተሏቸውም።

ምን እንደምትፈልጉ ጻፉ

ስሌት ከመጀመሩ በፊት የሚፈለጉት ሞዶች ዝርዝር በወረቀት ላይ መስፈር አለበት። «ሁሉንም» የሚል መልስ አይሠራም፤ ሞዶቹ ከሴንሰሮቹ ከበዙ መለየት አይቻልም። ለእግረኛ ድልድይ ዋናው ስጋት የሰው እርምጃ ነው። የሰው እርምጃ ወደ ታች በሴኮንድ 2 ጊዜ አካባቢ ይመታል፤ ወደ ጎን የሚገፋው ግን የዚህን ግማሽ፣ 1 ሄርትዝ አካባቢ ነው፤ ቀኝ እግርና ግራ እግር በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚገፉ። ስለዚህ ከ5 ሄርትዝ በታች ያሉት የቁመትም የጎንም ሞዶች ዝርዝሩ ውስጥ ይግቡ። ዓላማው ጉዳትን መከታተል ከሆነ ከፍ ያሉትንም ጨምሩ፤ ትንሽ ስንጥቅ የመጀመሪያውን ሞድ ብዙም አይነካውም።

በምሳሌያችን ወደ ታች የሚወዛወዙትን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሞዶች እንውሰድ። የመጀመሪያው 2.4 ሄርትዝ ቢሆን ሁለተኛው 9.6፣ ሦስተኛው 21.6 ሄርትዝ ይሆናል፤ በቀላሉ በተደገፈ ቢም (ሁለት ጫፉ በነጻነት የሚዞር አግዳሚ) ላይ ድግግሞሹ በሞዱ ቁጥር ስኩዌር ያድጋልና።

ሞዴሉ፤ ከዚያም ሞዴሉን መጠራጠር

የሞዶቹን ቅርጽ የሚሰጠው የፋይናይት ኤለመንት ሞዴል (መዋቅሩን በትናንሽ ክፍሎች ከፍሎ የሚያሰላ የኮምፒውተር ሞዴል) ነው። ለቀላል ቢም ግን ሶፍትዌር አያስፈልግም፤ ቅርጹ የሳይን ሞገድ ነው። አንደኛው ሞድ ግማሽ ሞገድ፣ ሁለተኛው ሙሉ ሞገድ፣ ሦስተኛው አንድ ተኩል ሞገድ።

ሞዴል የሚዋሸው ብዙውን ጊዜ ድጋፉ ላይ ነው። በወረቀት ላይ በነጻነት የሚዞር ቤሪንግ (ድልድዩ የሚቀመጥበት ድጋፍ) በተግባር በዝገትና በአቧራ ተይዞ ግማሽ በግማሽ የተቀበረ ጫፍ ሆኖ ይገኛል። ያኔ የሞዱ ቅርጽ ይለወጣል፤ ኖዶቹም (ሞዱ ሲወዛወዝ ጸጥ ብለው የሚቀሩት ነጥቦች) ቦታቸውን ይቀይራሉ። ስለዚህ አንድ ሞዴል ብቻ አትሥሩ። የድጋፉን የመዞር ጥንካሬ ከዜሮ እስከ ሙሉ በሙሉ የተያዘ፣ የወለሉን ግትርነት ወደ ላይና ወደ ታች እየለዋወጣችሁ ሠላሳ ያህል ሞዴል አስሉና ከታች ያለውን ምርጫ በሁሉም ላይ ድገሙት። በአብዛኞቹ የሚመረጥ ቦታ ይታመናል። በአንዱ ሞዴል ብቻ አንደኛ የወጣ ቦታ ጥሩ ቦታ መሆኑ ያጠራጥራል።

እጩ ቦታዎች

እጩ ማለት መሰላል የሚደርስበት፣ ብረቱ የሚያስተማምን፣ ኬብል የሚያልፍበት ነጥብ ነው። ሶፍትዌሩ 4,000 ነጥብ ቢሰጥም ከመቶ በላይ እጩ መያዝ አያስፈልግም። መውጣት ያለባቸው እነዚህ ናቸው፦

የእጅ መደገፊያው። ለማሰር ምቹ ስለሆነ ብዙዎች ይወዱታል፤ ግን የራሱ ንዝረት አለው፤ የድልድዩን ሳይሆን የራሱን ወሬ ይነግራችኋል።

በሁለት ቢሞች መሃል ያለ ስስ የወለል ብረት። እንደ ከበሮ ቆዳ ለብቻው ይመታል። ሴንሰሩ ሁልጊዜ ከዋናው ቢም ዌብ (የቆመው ብረት) በላይ፣ ቢቻል ስቲፍነር (ማጠናከሪያ ብረት) ባለበት መስመር ላይ ይቀመጥ።

የድጋፉ አካባቢ። እንቅስቃሴው ትንሽ ስለሆነ ከጫጫታው በላይ የሚወጣ ምልክት አይገኝም። ቤሪንጉ ተይዟል ወይ የሚለውን ለመፈተሽ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያኔ አንድ ሴንሰር ሆን ብሎ እዚያ ይቀመጣል።

ለድልድያችን በየ3 ሜትሩ እንሂድ፦ 3፣ 6፣ 9፣ 12፣ 15፣ 18፣ 21፣ 24፣ 27። ዘጠኝ እጩ ሆነ።

ስሌቱ፦ ዝቅተኛውን እያወጡ መቀነስ

ይህ ዘዴ «ኤፌክቲቭ ኢንዲፔንደንስ» ይባላል። ዳንኤል ካመር በ1991 እ.ኤ.አ. ለትላልቅ የጠፈር መዋቅሮች ፍተሻ ያቀረበው ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ሁሉም እጩ ላይ ሴንሰር እንዳለ ቁጠር፤ ሞዶቹን ለመለየት ከሁሉ ያነሰ ድርሻ ያለውን አውጣ፤ እንደገና አስላ፤ የሚፈለገው ቁጥር እስኪቀር ድገም።

1. ሠንጠረዥ ሥሩ። እያንዳንዱ ረድፍ አንድ እጩ ቦታ፣ እያንዳንዱ ዓምድ አንድ ሞድ ነው። ውስጡ ያለው ቁጥር ያ ቦታ በዚያ ሞድ የሚንቀሳቀስበት መጠን ሲሆን ትልቁ 1 እንዲሆን ይስተካከላል። ለምሳሌ 6 ሜትር ላይ፦ 0.588፣ 0.951፣ 0.951።

2. ሠንጠረዡን ገልብጡና (ረድፉን ዓምድ፣ ዓምዱን ረድፍ) የተገለበጠውን በዋናው ሠንጠረዥ አባዙት። ሦስት በሦስት የሆነ የመረጃ ማትሪክስ ይወጣል።

3. የዚህን ማትሪክስ ኢንቨርስ ውሰዱ።

4. ለእያንዳንዱ ቦታ ረድፉን በኢንቨርሱ፣ ውጤቱን እንደገና በዚያው ረድፍ አባዙ። አንድ ቁጥር ይወጣል፤ የድርሻ ቁጥር እንበለው። ከዜሮ እስከ አንድ ነው። ዜሮ ማለት ቦታው ቢወጣ ምንም አይጎድልም፤ አንድ ማለት ቦታው ከወጣ ቢያንስ አንድ ሞድ ከሌሎቹ መለየት ያቅታል።

5. ትንሹን ረድፍ ሰርዙና ወደ 2 ተመለሱ።

ስህተት መያዣ፦ በእያንዳንዱ ዙር የድርሻ ቁጥሮቹ ድምር ከሞዶቹ ቁጥር ጋር እኩል መሆን አለበት። እዚህ 3 ነው። 2.7 ወይም 3.4 ከመጣ ቀመሩ ውስጥ ስህተት አለ፤ አትቀጥሉ። ኢንቨርሱ አልወጣም የሚል መልእክት ከመጣ ደግሞ ቢያንስ አንድ ሞድ በእነዚህ ቦታዎች ላይ ጨርሶ አይታይም ወይም ከሌሎቹ አይለይም ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ የጎን እጩ ሳይኖር የጎን ሞድ ዝርዝሩ ውስጥ ሲገባ የሚከሰት ነው።

የመጀመሪያው ዙር ይህን ይሰጣል፦ 3 ሜትር 0.219፤ 6 ሜትር 0.431፤ 9 ሜትር 0.331፤ 12 ሜትር 0.319፤ 15 ሜትር 0.400። ሌላው ግማሽ የዚህ መስታወት ነው። 3 ይወጣል፤ እንደገና ሲሰላ ዝቅተኛው 27 ስለሆነ እሱም ይከተላል። ከዚያ 12 ሜትር በ0.334 ዝቅተኛ ሆኖ ይወጣል፤ 18 ይከተለዋል። ቀጥሎ 9 እና 21 ይወጣሉ። የሚቀሩት 6፣ 15 እና 24 ሜትር ናቸው፤ የድርሻ ቁጥራቸው ሁሉም 1 ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። 12 ሜትር ላይ ያለው ነጥብ በመጀመሪያው ሞድ ከ6 ሜትሩ ይበልጥ ይንቀሳቀሳል፤ ሆኖም ቀድሞ ወጣ። የሚነግረን ነገር ሁሉ ጎረቤቶቹ ከነገሩን ጋር ስለሚደራረብ ነው። በዓይን መርጠን ቢሆን ኖሮ 12ን አስቀርተን 6ን እንጥል ነበር።

ምርጫዎችን ለማወዳደር ሁለት ቁጥር ይበቃል። አንደኛው የመረጃ ማትሪክሱ ዲተርሚናንት ነው፤ ትልቅ ሲሆን ይሻላል። ሁለተኛው ማክ የሚባለው የሁለት ሞዶች መመሳሰል መለኪያ ነው፦ የሁለቱን ሞዶች ቁጥሮች በየሴንሰሩ አባዝታችሁ ደምሩ፣ ድምሩን ስኩዌር አድርጉ፣ ከዚያ ለሁለቱ የየራሳቸው ስኩዌር ድምሮች ብዜት አካፍሉ። ዜሮ ፍጹም የተለያዩ፣ አንድ ፍጹም የተመሳሰሉ ማለት ነው። በተለያዩ ሞዶች መካከል ከ0.1 በታች ጥሩ ነው፤ ከ0.25 በላይ ከሆነ ቦታ ቀይሩ።

6፣ 15፣ 24 ሜትር፦ ዲተርሚናንት 8.57፤ የአንደኛውና የሦስተኛው ሞድ ማክ 0.003።
7.5፣ 15፣ 22.5 ሜትር (ሩብ ሩብ)፦ 8.0፤ ማክ ዜሮ።
9፣ 15፣ 21 ሜትር፦ 4.5፤ ማክ 0.09።
10፣ 15፣ 20 ሜትር (ሲሶ ሲሶ)፦ 2.25፤ ማክ 0.4።

መግቢያው ላይ ያየነው ሰው አቀማመጥ የመጨረሻው ነው። ሩብ ሩብ ላይ ማስቀመጥ ግን ከአንደኛው ምርጫ በ7 በመቶ ብቻ ያንሳል። 7.5 ሜትር ላይ ስቲፍነር ካለና 6 ሜትር ላይ ከሌለ ያለ ክርክር 7.5ን ምረጡ። ለመጨረሻዋ ሰባት በመቶ ሲባል መሰላል በማይደርስበት ቦታ መንጠላጠል ሞኝነት ነው።

እጩዎቹ ጥቂት ከሆኑ ሁሉንም ጥምረት ማስላት ከማንኛውም ብልሃት ይሻላል፤ ከ9 ቦታ 4 ለመምረጥ 126 አማራጭ ብቻ ነው ያለው። ከ100 ቦታ 8 መምረጥ ግን ከ186 ቢሊዮን በላይ ነው፤ እንደ ኤፌክቲቭ ኢንዲፔንደንስ ወይም ጄኔቲክ አልጎሪዝም ያለ ዘዴ የሚያስፈልገው እዚያ ነው። የትኛውንም ብትጠቀሙ ውጤቱን በዘፈቀደ ከተመረጡ 10,000 አቀማመጦች ጋር አወዳድሩት። ከእነሱ መሃል አንዱ እንኳ ከበለጠው ፕሮግራሙን ፈትሹ።

ስሌቱ የማያየው

እጩዎቹን በጣም ካቀራረባችሁ ዘዴው ሁለት ጎረቤት ቦታዎችን አብሮ ይመርጣል። በምሳሌያችንም አምስት ሴንሰር ላይ ብናቆመው 6 እና 9፣ 21 እና 24 ጎን ለጎን ይቀራሉ። በሂሳቡ ውስጥ ጫጫታው በየሴንሰሩ የተለያየ እንደሆነ ስለሚታሰብ ሁለት አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ሴንሰሮች ሁለት ምስክር ይመስላሉ፤ በእውነታው ግን ሞዴሉ ከተሳሳተ ሁለቱም አብረው ይሳሳታሉ። መፍትሔው ዝቅተኛ ርቀት መወሰን ነው። ከሚፈለገው ከፍተኛ ሞድ ግማሽ ሞገድ ግማሹ ያህል ይበቃል። ሦስተኛው ሞድ 30 ሜትር ላይ ግማሽ ሞገዱ 10 ሜትር ስለሆነ ርቀቱ 5 ሜትር ገደማ ይሆናል።

ሌላው ድክመቱ ምልክቱ ደካማ የሆነባቸውን ቦታዎች መውደዱ ነው፤ በተለይ ሞዶቹ ሲበዙ። ለእያንዳንዱ ቦታ የየሞዱን ዋጋ ስኩዌር ለሞዱ ድግግሞሽ አካፍላችሁ ደምሩ፤ ድምሩን በድርሻ ቁጥሩ አባዙና በዚህ አዲስ ቁጥር ደረጃ ስጡ። ጸጥ ያሉት ቦታዎች ወደ ታች ይወርዳሉ።

ስለ መጠባበቂያም ስሌቱ ምንም አይልም። ሦስት ሞድ በሦስት ሴንሰር መለካት ይቻላል፤ አንዱ ሲሞት ግን ሥራው አብሮት ይሞታል። ስለዚህ አራተኛ ይጨመራል። የት? ርቀቱን ለመጠበቅ 6 እና 15 መሃል፣ 10.5 ሜትር ላይ እናድርገው። አሁን አንድ በአንድ እንግደላቸው። የ6 ሜትሩ ቢሞት ዲተርሚናንቱ 3.8 ይሆናል፤ የ15ቱ ቢሞት 3.2። ሁለቱም ከሲሶ ሲሶው አቀማመጥ ይሻላሉ። የ24ቱ ቢሞት ግን 0.3 ብቻ ይቀራል። የቀሩት ሦስቱ በአንድ ግማሽ ታጭቀዋልና። አራተኛው ሴንሰር መጠባበቂያ የሆነው ለግራው ግማሽ ብቻ ነው። 19.5 ሜትር ላይ አምስተኛ ሲታከል ቀዳዳው ይዘጋል። ይህን የመግደል ፈተና ከመግዛታችሁ በፊት አድርጉት፤ ከመሣሪያ ግዢ በኋላ ከሆነ ይመርራል።

ጠመዝማዛው (ቶርሽን) ደግሞ በአንድ መስመር ሴንሰር አይታይም። ከጫፉ በእኩል ርቀት ላይ በቀኝና በግራ ጠርዝ ሁለት አክስለሮሜትር አስቀምጡ፤ ድምራቸው መታጠፉን፣ ልዩነታቸው መጠማዘዙን ይሰጣል። ሁለቱ ሞዶች በድግግሞሽ ተቀራራቢ ከሆኑ ይህ ጥንድ የግድ ነው።

ሴንሰር ሲያጥር

አራት ሴንሰር ይዞ አሥራ ስምንት ነጥብ መለካት ይቻላል። ሁለቱ ሳይነቃነቁ ይቀመጣሉ፤ ሁለቱ በየዙሩ ቦታ ይቀይራሉ። ሁሉም ነገር የሚወሰነው በቋሚዎቹ ነው። ቋሚ ሴንሰር የማንኛውም ተፈላጊ ሞድ ኖድ ላይ መውደቅ የለበትም፤ ከወደቀ ዙሮቹን የሚያያይዝ ክር ይበጠሳል። 6 ሜትር ለሦስቱ ሞዶቻችን ጥሩ ቋሚ ነው። ነገ ሥራው ወደ አምስተኛ ሞድ ቢሰፋ ግን 6 ሜትር የአምስተኛው ሞድ ኖድ ነው፤ ምንም አያይም። ለዚህ ነው ሁለት ቋሚ የሚያስፈልገው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር የማይመሳሰል ቦታ ላይ ይሁን እንጂ 24 ላይ አይሁን፤ እሱም የአምስተኛው ኖድ ነውና።

እያንዳንዱ ዙር ከመጀመሪያው ሞድ ፔሬድ ከ1,000 እስከ 2,000 እጥፍ ይርዘም። ለ2.4 ሄርትዝ ከ7 እስከ 14 ደቂቃ ነው፤ 20 ደቂቃ ቅዱና አትጨነቁ። በሴኮንድ 100 ናሙና ለ21.6 ሄርትዝ በቂ ነው፤ ከናሙናው በፊት የሚያጣራ ፊልተር ካለ።

የሴንሰሩን ጫጫታ ሳያዩ ቦታ ማመቻቸት ከንቱ ልፋት ነው። ኤምፒዩ6050 የሚባለው ርካሽ ቺፕ ጫጫታው ለአንድ ሄርትዝ ስኩዌር ሩት 400 ማይክሮ-ጂ (ጂ የምድር ስበት አክስለሬሽን ነው) ገደማ ነው፤ እስከ 20 ሄርትዝ ባለው ስፋት 1.8 ሚሊ-ጂ ይሆናል። ኤዲኤክስኤል355 ግን 22.5 ብቻ ስለሆነ በዚያው ስፋት 0.1 ሚሊ-ጂ ነው። በነፋስና በአልፎ ሂያጅ ብቻ የሚነቃነቅ ትንሽ ድልድይ ብዙ ጊዜ ከ1 ሚሊ-ጂ በታች ይንቀጠቀጣል። የመጀመሪያው ቺፕ የትም ይቀመጥ የት ራሱን ነው የሚሰማው።

መግጠም

አቧራውንና ቀለሙን እስከ ብረቱ ፋቁ፤ በአልኮል ጥረጉ። ትንሽ የብረት ሳህን በኢፖክሲ አጣብቁና ሴንሰሩን በብሎን እሰሩበት። ጠንካራ ማግኔት ለአንድ ቀን ሥራ ይበቃል። በሁለት ገጽ የሚጣበቅ ስፖንጅ ቴፕ ግን በፍጹም፤ ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ስፕሪንግ ነው።

ኬብሉን ከሴንሰሩ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ከብረቱ ጋር እሰሩት። የሚወዛወዝ ኬብል በዝቅተኛ ድግግሞሽ የሐሰት ምልክት ይሠራል።

ከመውጣታችሁ በፊት እያንዳንዱን ሴንሰር ገልብጣችሁ ከደመር 1 ጂ ወደ ቀነስ 1 ጂ መሄዱን እዩ። አንድ ሴንሰር ተገልብጦ ከተገጠመ የመጀመሪያው ሞድ ሁለተኛውን ይመስላል፤ ስህተቱም ቢሮ ተመልሶ ነው የሚታወቀው። ቦታውን በሜትር ለኩና በፎቶ ያዙ፤ «መሃል አካባቢ» የሚል ማስታወሻ ዋጋ የለውም።

ሽቦ አልባ ከሆኑ ሰዓታቸው መገጣጠም አለበት። የ10 ሚሊ ሴኮንድ መዛባት በ5 ሄርትዝ ላይ 18 ዲግሪ ነው፤ በ20 ሄርትዝ 72 ዲግሪ ይሆናል፤ ይህም የሞዱን ቅርጽ ያጠፋዋል። 1 ሚሊ ሴኮንድ ከሆነ 7 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይቻላል።

ለረጅም ጊዜ ክትትል የሙቀት ሴንሰርም አትርሱ። በስዊዘርላንድ የነበረው ዜድ24 ድልድይ በ1998 እ.ኤ.አ. ከመፍረሱ በፊት ለአንድ ዓመት ያህል ሲለካ አየሩ ከበረዶ ነጥብ በታች ሲወርድ አስፋልቱ እየጠጠረ ድግግሞሾቹ ጉልህ ሆነው ይጨምሩ ነበር። ሙቀቱን ያልመዘገበ ሰው ይህን ለውጥ ከጉዳት ምልክት መለየት አይችልም። ሞቃት አገርም ቢሆን ፀሐይ የላይኛውን ብረት ብቻ ስትመታው ችግሩ በሌላ መልክ ይመጣል፤ ስለዚህ አንዱን ቴርሞሜትር ከላይ፣ አንዱን ከታች አድርጉ።

አክቹዌተር፦ መጀመሪያ ዓይነቱ፣ ከዚያ ቦታው

የአክቹዌተር ቦታ በዓይነቱ ይወሰናል። ኃይል የሚገፋ መሣሪያ (ነቅናቂው ሼከር፣ በስፕሪንግ ተንጠልጥሎ ንዝረትን የሚያበርድ የተስተካከለ የክብደት ዳምፐር) ሞዱ አብዝቶ የሚንቀሳቀስበትን ቦታ ይፈልጋል። የሚያጎብጥ መሣሪያ (ፒየዞ ሽፋን፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ሲሰጠው የሚለጠጥና የሚኮማተር ስስ ልጣፍ) ሞዱ አብዝቶ የሚጎብጥበትን ይፈልጋል። በቀላል ቢም ላይ ሁለቱ ይገጣጠማሉ፤ በካንቲሊቨር ላይ ግን ተቃራኒ ናቸው፤ ጫፉ ይንቀሳቀሳል፣ ሥሩ ይጎብጣል።

ከክብደት ዳምፐር እንጀምር። ድልድያችን 30 ቶን ቢሆን በመጀመሪያው ሞድ የሚንቀሳቀሰው ክብደት ግማሹ፣ 15 ቶን ነው። የዚህ 2 በመቶ 300 ኪሎ ግራም ነው። ዳምፐሩ መሃል ላይ ሲንጠለጠል ሙሉው 300 ይሠራል። 6 ሜትር ላይ ቢንጠለጠል የሞዱ ዋጋ 0.588 ስለሆነ ውጤቱ በስኩዌሩ ይቀንሳል፤ እንደ 104 ኪሎ ግራም ብቻ ይቆጠራል። ለሁለተኛው ሞድ መሃሉ ዋጋ የለውም፤ ቦታው 7.5 ወይም 22.5 ነው። ማስተካከያውን በተመለከተ በ2 በመቶ ክብደት የዳምፐሩ ድግግሞሽ ከድልድዩ 0.98 እጥፍ፣ የራሱ ዳምፒንግ (ንዝረትን የማብረድ አቅም) 8.4 በመቶ ይሁን። ድግግሞሹን ባዶውን ድልድይ ለክቶ ማስተካከል የተለመደ ስህተት ነው፤ ሰው ሲሞላበት ክብደቱ ጨምሮ ድግግሞሹ ይወርዳል።

በለንደን የሚገኘው ሚሌኒየም የእግረኛ ድልድይ ሰኔ 10 ቀን 2000 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ ከሁለት ቀን በኋላ ተዘጋ። የሰው እርምጃ ወደ ጎን ሲገፋው ሰዉ ራሱ ሳያውቀው ከድልድዩ ጋር እግሩን አስተካከለ። 144 ሜትር የሆነው መካከለኛው ስፓን 0.5 ሄርትዝ አካባቢ እና ከ1 ሄርትዝ ትንሽ ዝቅ ብሎ ወደ ጎን ይወዛወዝ ነበር፤ የደቡቡ ስፓን ደግሞ በ0.8። ሦስቱ ስፓኖች በተለያየ ሞድ ስለተናወጡ በአንድ ቦታ የሚቀመጥ አንድ ትልቅ ዳምፐር መፍትሔ ሊሆን አይችልም ነበር። 37 ፈሳሽ ዳምፐሮችና ከ50 በላይ የክብደት ዳምፐሮች በየቦታው ተበትነው ተገጠሙ፤ ድልድዩም በ2002 እንደገና ተከፈተ።

ፒየዞው ላይ ስንመጣ ርዝመቱ ከቦታው እኩል ወሳኝ ነው። ሽፋኑ በሞዱ ላይ ያለው ጉልበት በሁለት ጫፎቹ ላይ ያለው የሞዱ ተዳፋት ልዩነት ነው። ቀላል ቢምን ከጫፍ እስከ ጫፍ በፒየዞ ብትሸፍኑት በሁለተኛው ሞድ ላይ ጉልበታችሁ ዜሮ ነው፤ አንዱ ግማሽ የሠራውን ሌላው ያፈርሰዋል። ብዙ ፒየዞ ማለት ብዙ ቁጥጥር አይደለም።

500 ሚሊ ሜትር ርዝመት፣ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የአሉሚኒየም ካንቲሊቨር እንውሰድ። ድግግሞሾቹ ወደ 9.9፣ 62 እና 173 ሄርትዝ ናቸው። ጉብጠት ዜሮ የሚሆንባቸው ነጥቦች፦ በሁለተኛው ሞድ ከሥሩ 108 ሚሊ ሜትር ላይ፤ በሦስተኛው 66 እና 248 ላይ። ስለዚህ የመጀመሪያው ሽፋን ከ5 እስከ 55 ሚሊ ሜትር ይሁን። ሦስቱንም ሞዶች ይይዛል፤ 66ን አያልፍም። 100 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ሽፋን ብትገዙ ለመጀመሪያው ሞድ ይበረታል፤ በሦስተኛው ላይ ግን ከ66 በኋላ ያለው ክፍል የቀደመውን ይሽራል። ሁለተኛ ሽፋን ካላችሁ መሃሉ 265 ላይ ይሁን፤ ሁለተኛው ሞድ እንደገና አብዝቶ የሚጎብጠው እዚያ ነው፤ ሦስተኛውን ግን ብዙም አይቀሰቅስም። መቆጣጠሪያው ያላሰበውን ሞድ መቀስቀስ በዚህ ሥራ የተለመደ የውድቀት ምክንያት ስለሆነ ይህ ጥቅም ነው።

ቦታዎችን በቁጥር ለማወዳደር ለእያንዳንዱ ሞድ የአክቹዌተሩን ጉልበት ስኩዌር ለአራት እጥፍ የዳምፒንግ ሬሾና የማዕዘናዊ ድግግሞሽ ብዜት አካፍሉ። ከሚፈለጉት ሞዶች መሃል ትንሹን ቁጥር ከፍ የሚያደርገውን ቦታ ምረጡ። ድምሩን ከፍ የሚያደርገውን ከመረጣችሁ የመጀመሪያው ሞድ ሁሉንም ይውጠዋል፤ ሦስተኛው ዜሮ ሆኖም ድምሩ ያማረ ይመስላል። በተጨማሪም ከማይፈለጉት ሞዶች የሚመጣውን ቁጥር ቀንሱበት።

ሴንሰሩንና አክቹዌተሩን ለየብቻ አትምረጧቸው። በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት ከተጣመሩ (የኃይል አክቹዌተር ከፍጥነት ሴንሰር ጋር፣ ፒየዞ በአንድ ገጽ ከፒየዞ በሌላው ገጽ ጋር) ፍጥነትን መልሶ መቃወም ከሁሉም ሞድ ጉልበት ይቀንሳል። አክቹዌተሩ ሥር ላይ፣ አክስለሮሜትሩ ጫፍ ላይ ከሆነ ግን ምልክቱ ከሞድ ወደ ሞድ ይገለበጣል፤ አንዱን ሞድ የሚያረጋጋው መቆጣጠሪያ ቀጣዩን ያጋግላል። ጥንድ ሆኖም ቢሆን የማጉያውና የፊልተሩ መዘግየት በከፍተኛ ሞዶች ላይ ያንኑ ችግር ስለሚያመጣ ጌይኑን (የመቆጣጠሪያውን የማጉላት መጠን) ከዜሮ ጀምራችሁ ቀስ ብላችሁ ጨምሩ።

ለማጣበቅ ስስ ኢፖክሲ ተጠቀሙ፤ እስኪደርቅ በእኩል ጫና ይያዝ። ወፍራም ማጣበቂያ ጉልበቱን በመሃል ይበላዋል። የፒየዞውን የፖላሪቲ ምልክት ከመለጠፋችሁ በፊት አረጋግጡ፤ ብየዳውን በአንድ ሁለት ሴኮንድ ጨርሱ፤ ሙቀት ሲበዛ ፖላራይዜሽኑ ይጠፋል። ከሽፋኑ ሥርና ከአሉሚኒየሙ መካከል ኢንሱሌሽን ካልተደረገ መላው ቢም ኤሌክትሮድ ይሆናል፤ ፒየዞ ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ሊሰጠው ይችላል፤ እጃችሁን አርቁ።

የመጀመሪያው መረጃ ሲመጣ

ከለካችሁ በኋላ የተገኘውን የሞድ ቅርጽ ከሞዴሉ ጋር በማክ አወዳድሩ። ከ0.9 በላይ ከሆነ ቦታዎቹ ሠርተዋል። ድግግሞሹ ገጥሞ ማኩ 0.6 ከሆነ መጀመሪያ የሴንሰር አቅጣጫን፣ ቀጥሎ ሰዓቱን፣ ከዚያ ቦታውን ፈትሹ፤ በዚህ ቅደም ተከተል፣ ምክንያቱም የሚሳሳቱት በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። ሁሉም ደህና ሆኖ ማኩ ካልተሻሻለ ጥፋቱ የሞዴሉ ነው፤ ብዙውን ጊዜም የድጋፉ። የድጋፉን ጥንካሬ አስተካክላችሁ የሴንሰር ምርጫውን እንደገና አስሉት። አዲሱ ምርጫ ከተገጠመው በዲተርሚናንት ከ10 በመቶ በታች የሚበልጥ ከሆነ ያለውን አትንኩት፤ በእጥፍ የሚበልጥ ከሆነ ግን መሰላሉን መልሳችሁ አውጡ።